ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ ያዋጣል

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ ወዲህ፣ ዋጋቸው በዶላር የሚቆረጥ ዕቃዎች ሸማቹን አስጨንቀውታል። የፎቶግራፍ ሥራም ከዚህ አላመለጠም። ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ በውጭ ገበያ 125 ዶላር የሚያወጣ ሌንስ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት 7 ሺህ 125 ብር ነበር። ምንዛሪው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር ያው ሌንስ ከ12 ሺህ 500 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ቀረጡ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ አለ።

ጫናው ይበልጥ የሚከብደው በአነስተኛ ከተሞች ነው። ከደሴ ብዙም በማትርቀው በኩታበርም ሆነ ራቅ ባለችው በመካነ ሰላም፣ የፎቶ አንሺው ዋና ገበያ ሰርግ ነው። ሰርግ ደግሞ ወቅት አለው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገቡ ሥራው ይቀዘቅዛል። ገንዘቡ የሚገኘው በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ አለዚያም ዕቁብ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ሌንስ የገዛ ሰው የሚያጣው የዓመት ካፒታሉን ነው።

ብዙዎች ብሩ እጃቸው ሲገባ የሚመኙት አዲስ ካሜራ ነው። ስሌቱ ግን አያዋጣም። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ዙም፣ ወደ ጫፉ ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ማታ በዳስ ውስጥ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን ሙሽሮችን ለሚያነሳ ሰው ይህ ልዩነት አልበም ውስጥ በሚገባና በሚጣል ፎቶ መካከል ያለ ልዩነት ነው። አዲስ ካሜራ ከአሮጌው ዙም ጋር ይህን ያህል አይጠቅምም።

እርግጥ ነው፣ ሌንሱ ጉድለት አለው። በአነስተኛዎቹ የካኖን ካሜራዎች ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ በጠባብ ቤት ቤተሰቡን በሙሉ አያስገባም። ለዚህ ባለ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አለ። ይሁንና ዙሙ በዚያ ርዝመት ላይ ከዚህ ብዙም የማያንስ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ተጨማሪው ብር የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። የቡድን ፎቶውን ለዙሙና ለፍላሹ ትቶ በቅድሚያ 50 መግዛት ይሻላል። የተጠራጠረ ሰው ያለፈውን ዓመት ፎቶዎች ኮምፒዩተር ላይ ይክፈት፤ እያንዳንዱ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ምርመራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ስያሜው ብቻ አይበቃም። ካሜራው ኒኮን ዲ 3000 ወይም ዲ 5000 ተከታታይ ከሆነ በውስጡ የትኩረት ሞተር ስለሌለው፣ «ኤኤፍ ዲ» የተባለው ርካሽ ሌንስ በራሱ አያተኩርም፤ «ኤኤፍ ኤስ» የሚለው ያስፈልገዋል። የካኖን «ኢኤፍ» ሌንስ በአንጻሩ ከ1980 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በወጡት የኢኦኤስ ካሜራዎች ላይ ይሠራል። በአዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎችም ላይ በአገናኝ ይገጠማል። ካሜራ ቢቀየርም ሌንሱ ንብረት ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። የቻይናው ዮንግኑዎ ከዚህም ይረክሳል፤ ነገር ግን በራሱ ካሜራ ላይ ሳይሞክር የሚገዛ ሰው አደጋውን ራሱ ይሸከማል።

አስመጪዎችም ከዚህ የሚማሩት አለ። በዚህ ምንዛሪ ውድ ካሜራ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ገዢ መጠበቅ ካፒታል ማሰር ነው። ርካሽ ሌንስ በብዛት አስገብቶ፣ በሕጋዊ ደረሰኝና በጥቂት ወራት ዋስትና እስከ ደሴ ማድረስ ግን ፈጥኖ የሚዞር ንግድ ነው። የኩታበሩ ፎቶ አንሺ ለተበላሸ ዕቃ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መምጣት ከሌለበት፣ ጥቂት ብር ጨምሮ መግዛት አይከብደውም።