«ትንሽ ነው» የሚባል ቁማር የለም

 

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ያፈርነው እኛው ነን። የምናወሳው ወንድምም «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ስሜን ሳትጠሩ ጻፉት» ብሎ ፈቅዶልናል።

ይህ ወንድማችን በመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ሄዶ ተመለሰ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ፣ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ለብዙዎቻችን አርአያ የሆነ ሰው ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ ይዘን ከብበን ተቀመጥንና የጉዞውን ወሬ ጠየቅነው። ያረፈበት ሆቴል ምድር ቤቱ ካሲኖ ነበር። ባልደረቦቹ ማታ ወደዚያ ሲወርዱ «ብቻህን ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አሉት። ወረደ። ፖከር ጠረጴዛ ላይም ተቀመጠ።

«ትንሹ ጠረጴዛ ነው፤ መደቡ ሁለትና አራት ዶላር ነው። በመጀመሪያው ማታ 65 ዶላር በላሁ፣ በሁለተኛው 105 ተበላሁ። በቃ፣ የከሰርኩት 40 ዶላር ነው። እዚያ አገር የአንድ እራት ዋጋ ናት!» ብሎ ሳቀ። እኛም አብረነው ሳቅን።

ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ገና ኮሌጅ የሚማረው ወንድማችን ግን አልሳቀም። «ታዲያ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በሃያ ብር የኳስ ቲኬት ስቆርጥ ለምንድን ነው የምትቆጡኝ?» አለን።

መልስ አጣን። ሻይው ቀዘቀዘ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ያለብን የመልስ ዕዳ ነው።

1ኛ፦ «ትንሽ ገንዘብ ነው»

እስቲ በሒሳብ እንየው። በዚህ «ትንሽ» በሚሉት ጠረጴዛ አንድ ጨዋታ አራት ዙር የማስያዝ ዕድል አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መደቡ በሁለት ዶላር፣ በኋለኞቹ ሁለቱ በአራት ዶላር ይጨምራል። በተለመደው ደንብ በአንድ ዙር አንድ ሰው ከመደበ በኋላ ሦስት ጊዜ ሊጨመርበት ይችላል። ተጫዋቾቹ እልህ ከተጋቡ በመጀመሪያው ዙር 8፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 16፣ በአራተኛው 16 ዶላር ያወጣሉ። ሲደመር 48 ዶላር ነው። «ሁለት ዶላር ብቻ» ተብሎ የተገባበት ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ሰው ኪስ 48 ዶላር ሊወስድ ይችላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በፖከር ካሲኖው ራሱ አይጫወትም፤ ስለዚህ አይበላም። መሃል ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ድርሻውን ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ እስከ አሥር በመቶ፣ ጣሪያውም ጥቂት ዶላር ነው። ለምሳሌ ከአንድ ጨዋታ በአማካይ 3 ዶላር ቢቆርጥና በሰዓት 30 ጨዋታ ቢካሄድ፣ በሰዓት 90 ዶላር፣ በአራት ሰዓት 360 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል። ዘጠኝ ሰዎች ቢቀመጡና ሁሉም እኩል ቢጫወቱ እያንዳንዳቸው 40 ዶላር ጎድሎባቸው ይነሳሉ። ማንም ማንንም ሳይበልጥ ሁሉም ተበልተዋል! ወንድማችንም በሁለቱ ማታ የተቀመጠው በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ነበር።

ትንሹ ጠረጴዛ ከትልቁ የሚምር እንዳይመስላችሁ። መሃል ላይ 30 ዶላር ሲሰበሰብ 3 ዶላር ከተቆረጠ አሥር በመቶ ነው። ሀብታሞቹ ጠረጴዛ ላይ 500 ዶላር ተሰብስቦ ጣሪያው 5 ዶላር ከሆነ አንድ በመቶ ብቻ ነው። አብዝቶ የሚታለበው ኪሱ ቀጭን የሆነው ሰው ነው። «ትንሽ» የተባለው ለተጫዋቹ ታስቦ አይደለም፤ የማይደፍረው ሰው ደፍሮ እንዲቀመጥ ነው።

በከተሞቻችን የሃያ ብር ቲኬትም ሥራው ይኸው ነው። ሁለት ሺህ ብር ቢሆን ኖሮ ተማሪው በበሩ አያልፍም ነበር።

2ኛ፦ «ፖከር ችሎታ ነው እንጂ ዕድል አይደለም»

ይህን የሚለው በተለይ የተማረው ነው። የኳስ ቲኬት የሚቆርጠውም «እኔ ኳስ አውቃለሁ፣ ተንትኜ ነው» ይላል። እሺ፣ ችሎታ አለበት እንበል። ቁማርን ቁማር የሚያሰኘው ግን ሁሉም ገንዘብ አስይዞ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የግድ መክሰሩ ነው። ነጋዴ ሲያተርፍ ገዢው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ቁማርተኛ ሲያተርፍ ተሸናፊው ምን ይዞ ይሄዳል? ችሎታህ ያገለገለህ ከአንተ የደከመውን፣ የሰከረውን ወይም የተበሳጨውን ለይተህ ኪሱን ለማውለቅ ነው። ይህ ነውሩን ያብሰዋል እንጂ አያነጻውም።

3ኛ፦ «ማንንም አልጎዳሁም፣ ለመዝናናት ነው»

ቁርኣን «መይሲር» ብሎ የጠራው ቁማር ምን እንደነበር እናስታውስ። የተፍሲር ዑለማዎች እንደሚያወሱት የጃሂሊያ ዐረቦች ግመል አርደው በአሥር ቀስቶች ዕጣ ይጣጣሉ። ሰባቱ ቀስቶች ድርሻ አላቸው፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶው የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። አሸናፊዎቹ ደግሞ ሥጋውን ራሳቸው አይበሉትም፤ ለድሆች ያከፋፍሉታል፣ በዚህም ይኩራራሉ።

አስተውሉ! ድሃ የሚበላበት ቁማር ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 219ኛው አያ በውስጡ ለሰዎች ጥቅም እንዳለ ሳይደብቅ፣ ወንጀሉ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። በሱረቱል ማኢዳ ከ90ኛው እስከ 91ኛው አያ ደግሞ በሩን ፈጽሞ ዘጋው። ለድሃ ሥጋ የሚያበላው ቁማር ከተከለከለ፣ ትርፉ ለሆቴል ባለቤት የሚገባው በምን ሒሳብ ይፈቀዳል?

እነዚሁ የማኢዳ አያዎች ሸይጧን በቁማር የሚፈልገውን ሲዘረዝሩ ጠብንና ጥላቻን፣ ከዚክርና ከሶላት መዘናጋትንም ያነሳሉ። ሰዎቹ ሲበተኑ ወንድማችን ቀረብ ብሎ አንድ ነገር ነገረን፤ ሲስቅ ያልነገረንን። በሁለተኛው ማታ የተበላውን ለማስመለስ ሲል ከጠረጴዛው አልተነሳም። መግሪብንም ዒሻንም ሳይሰግድ ክፍሉ ገብቶ ተኛ። ሱብሓነላህ! ለመንገደኛ ሶላት ታጥሮለታል፣ ሁለቱን አጣምሮ መስገድም ተፈቅዶለታል። ለዚያ የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነበር ያጣው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ 40 ዶላር ነው የከሰርኩት አትበል። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም።

4ኛ፦ «የሚያውቀኝ ሰው የለም፣ ጉዞ ላይ ነኝ»

ጉዞ ሶላትን ያሳጥራል፣ ፆምን ያዘገያል፤ ሐራምን ግን ሐላል አያደርግም። እንዲያውም የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት እንዳለው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን የሚያህል ዕድል በእጁ የያዘ ሰው እንዴት ሌላ ዕድል ፍለጋ ካርታ ይዞ ይቀመጣል? አበሉም ቢሆን ለምግብና ለማረፊያ የተሰጠ ነው። ከቤት ደግሞ በአደራ የሚጠብቁት ልጆች አሉ።

ወንድማችን በመጀመሪያው ማታ በበላው ገንዘብ ለትንሿ ልጁ ጫማ ገዝቶላት ነበር። ከተበላው ይልቅ ዛሬ የሚከብደው ያ ጫማ ነው። የሐራም ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ተውበት አድርጎ፣ ከሰውየው ወስዶት ባለቤቱን የማያገኘው ከሆነ፣ አጅር ሳይጠብቅበት ለድሆች እንዲያወጣው ዑለማዎች ይመክራሉ። እርሱም ከደመወዙ አውጥቷል፤ አላህ ይቀበለው።

ለዚያ ታናሽ ወንድማችን መልሳችን ይኸውልህ፦ ትክክል ነህ። በአንተ ሃያ ብርና በእርሱ ሁለት ዶላር መካከል ልዩነት የለም። ልዩነቱን የፈጠርነው እኛ ነን። ልጅ ቤቲንግ ቤት ሲገባ «ጠፋ» አልን፤ ሱፍ የለበሰ ሰው ካሲኖ ሲገባ «ተዝናና» አልን። ያ ሳቃችን ከአንድ ወር ምክራችን ይልቅ አስተምሮሃል። አውፍ በለን። ግን በእኛ ስህተት አንተ አትክሰር፤ ቅዳሜ ያንን በር እለፈው።

ለሥራ የምትጓዙ ወንድሞችና እህቶችም፣ ባልደረባ «ና እንውረድ» ሲላችሁ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እኔ ቁማር አልጫወትም፣ ነገ ቁርስ ላይ እንገናኝ» በቂ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባውን «ና ቁማር እንጫወት» ያለ ሰው ሶደቃ እንዲሰጥ አዘዋል። ጥሪው ብቻ ይህን ካስከተለ፣ መቀመጡ ምን ያህል ይከብድ?

እኛም የሳቅንበትን ሶደቃ አውጥተናል። አላህ ሐላል ሪዝቃችንን በረካ ያድርግልን፣ ሐራሙን ከትንሹ ጀምሮ ያስጠላን። አሚን። ወላሁ አዕለም።