ከቲጄ በኋላ «የት ገባች?»

 በዚህ እትም ስለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ልጽፍላችሁ ወድጃለሁ። በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወላጆች ስሙን ሳልጨርስ ታውቁታላችሁ፤ ቲጄ ነው። ሙሉ ስሙ ቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተ የፌርፋክስ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከአርሊንግተን፣ ከላውደን፣ ከፕሪንስ ዊሊያምና ከፎልስ ቸርች የሚመጡ ልጆችንም መርጦ ይቀበላል። እስከ 2020 ድረስ ለመግባት ከባድ ፈተናና 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ነበረበት። በዚያ ዓመት ሁለቱም ቀሩ፤ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም የተወሰነ ቦታ እንዲያዝ ተደረገ። በዚህ ምክንያት የተነሣው ክርክር ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲዞር ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው።

ስለ መግባቱ ብዙ ተብሏል። ስለ መውጣቱ ግን በየቤታችን የሚወራው በለሆሳስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ልጅ በማርች ወር መልሷን ስትቀበል፣ ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. አልተቀበልንሽም ብለው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከተቀበላት፣ አንዳንዱ ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል። እናቲቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው እንዳይጠይቃት በጎን በር ትወጣለች። አንዲት እኅት «ለዚህ ለዚህማ ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ምን አነሰው?» ስትለኝ፣ ልጇ አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር። የልጅቷን ፊት አለማየታችሁ ይሻላል።

እስቲ እውነቱን እንመልከት። የቲጄ ተመራቂዎች ከየትኛውም ኮሌጅ ይልቅ በብዛት የሚገቡት እዚያው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ ቨርጂኒያ ቴክና ወደ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ የሚሄዱትም ጥቂት አይደሉም። ታላላቆቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከመላው ዓለም ስለሚመርጡ ከአንድ ትምህርት ቤት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን አይወስዱም፤ ልጁ ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነዋሪውን የሚያስከፍለው የትምህርት ክፍያ ከሌላ ስቴት የመጣውን ከሚያስከፍለው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ብዙ ወላጅ ይህን አስልቶ ነው የሚወስነው።

ስለ ቲጄ ባይሆንም ለጥያቄያችን የሚቀርብ ጥናት አለ። በ2014 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በቦስተንና በኒው ዮርክ በፈተና የሚመርጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ተመልክተዋል። የመግቢያውን ነጥብ ለጥቂት ያገኙትንና ለጥቂት ያመለጣቸውን ልጆች ሲያነጻጽሩ፣ የገቡት ካልገቡት የበለጡት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በኒው ዮርክ ኮሌጅ በመግባትም ሆነ በመጨረስ ያው ሆነው ተገኙ። ስለ ኮሌጅ ደግሞ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ያሳተሙት አለ። በ1976 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸውንና የከለከሏቸውን ልጆች ሲያወዳድሩ፣ ስመ ጥሩው ኮሌጅ የገባውና ወደ ሌላው የሄደው በኋላ ያገኙት ደመወዝ ተቀራራቢ ነበር።

ጥናቱን እዚህ ላይ አቁሞ የሚሰብክ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ይመለከተናል እላለሁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡት ልጆች ግን ከስመ ጥሩው ኮሌጅ ተጠቅመው ተገኝተዋል። በ2011 በቀጠሉት ጥናት ጥቁር ተማሪዎችና ብዙ ያልተማሩ ወላጆች ልጆችም እንዲሁ። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ በነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ወላጅ በመካከላችን ብዙ ነው። ስለዚህ «ስም ምን ይሠራል» ብላችሁ ልጁን ከማመልከት አትከልክሉት።

ዋጋውም ከምታስቡት ሊያንስ ይችላል። ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው ከ100,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰብን ምንም አላስከፍልም፣ እስከ 200,000 ለሚያገኘው ደግሞ የትምህርት ክፍያውን እተዋለሁ ብሏል። ፕሪንስተንም እስከ 150,000 ዶላር ለሚያገኙ ቤተሰቦች በአብዛኛው በነጻ ነው። ለአንድ የታክሲ ሹፌር ልጅ ፕሪንስተን ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል ማለት ነው። ኮሌጆች ሁሉ በድረ ገጻቸው ላይ ቤተሰቡ በትክክል ምን እንደሚከፍል የሚገምት ማስያ እንዲያስቀምጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ይሉታል። የግብር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር አንድ ምሽት ተቀመጡበት። አባት ገቢውን ከልጁ የሚደብቅበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ ሥራ ግን መደበቅ አይሆንም።

የሚያስፈራኝ መካከል ላይ ያለው ኮሌጅ ነው። ስሙ ደህና፣ ዋጋው ሰማይ የነካ፣ ድጋፉ ግን ጥቂት። ልጅ አልቅሶ ሲለምን ወላጅ በራሱ ስም ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ብድር ይፈርማል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 በኋላ የሚወሰደውን አዲስ ብድር ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ገድቦታል። እሱም ቢሆን ለጡረታ ለደረሰ ሰው ቀላል ሸክም አይደለም። ኤርሊ ዲሲዥን በሚባለው መንገድ የሚያመለክት ልጅ ደግሞ ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ አስቀድሞ ይፈርማል፤ የሌሎቹን ኮሌጆች ድጋፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይችልም። ማስያውን ሳታዩ አትፈርሙ።

ኖቫንም አትናቁ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ በተወሰነ ነጥብ ለጨረሰ ልጅ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ጆርጅ ሜሰን መዛወርን የሚያረጋግጥ ስምምነት አለው። የመጨረሻው ዲፕሎማ ላይ «በኖቫ በኩል የመጣ» ተብሎ አይጻፍም!

አሁን ወደ እኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ልምጣ። በጁን ተመራቂዎችን ወደ መድረክ አውጥተን ስማቸውንና የሚገቡበትን ኮሌጅ እናነባለን። ለአንዱ ኮሌጅ እልልታው ይቀልጣል፤ ለሌላው ጭብጨባው ሦስት ሰው አያልፍም። ልጆቹ ይህን ይቆጥራሉ። የኮሌጁን ስም ማንበብ ይቅር ባይ ነኝ፤ ሽማግሌዎች ቢቆጡም እላለሁ።

ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹም ተመርጠው ለሦስት ዓመት በንጉሥ ቤት እንዲማሩ የተወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። ጭንቅ ቀን ሲመጣ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ ለሦስቱ ነገራቸው፣ አብረውም ጸለዩ። ሻርለትስቪል ወይም ብላክስበርግ ለብቻዋ የምትሄደው ልጃችን ማን አላት? በሚመጣው የምረቃ እሑድ ከኮሌጁ ስም ይልቅ የጸሎት ርዕሷን እንጠይቃት። ኦገስት ከመድረሱ በፊት ደግሞ እዚያው ከተማ የሚማሩ የቀደሙ ልጆቻችንን ስልክ ሰብስበን እንስጣት፤ ከወጣቶች አገልግሎት አንድ ሰው በየሳምንቱ እንዲደውልላት እንመድብ። በቤተ ክርስቲያናችን ይህን ዝርዝር የምትይዝ እኅት አግኝተናል። በእናንተስ ማን ይይዘዋል?