ዓሣውን የገደለው የማርቆስ ብርድ አይደለም

ሰኞ ተገዝቶ እሑድ የሚሞት ዓሣ አለ። ቀዩ፣ ባለ ረጅም ጅራቱ፣ ጎልድፊሽ የሚባለው። አዲስ አበባ ላይ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ይበርደዋል፣ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይሞቀዋል፣ ደጀን ሲወጣ እንደገና ይበርደዋል። ኬላ ላይ ሰው ሲፈተሽ አብሮ ይቆማል። 300 ኪሎ ሜትር ግድም ተንገጫግጮ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ይህን ሁሉ ችሎ የደረሰ ፍጡር ባለቀለም ጠጠር ወደተነጠፈበት ክብ መስታወት ይገባና በሳምንቱ በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል። ባለቤቱም ወዲያው ፍርዱን ይሰጣል፦ «የማርቆስ ብርድ አልተስማማውም።»

ሐሰት ነው። ብርዱ በሐሰት ተከሷል።

ጎልድፊሽ የሞቃት ውሃ ዓሣ አይደለም። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በፊት፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በየግቢው ኩሬ ያረቡት የካርፕ ዘመድ ነው። በክረምት ላዩ ግግር በረዶ የሚለብስ ኩሬ ውስጥ ይከርማል። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ለእሱ ምቾት ነው፤ ከዚያ በታችም ይኖራል። ከኦስሎና ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስረዱት፣ ይህ ዓሣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅበት በሰውነቱ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ቀይሮ በስንጥቡ ያስወጣዋል። ከገዛ ገላው አረቄ አውጥቶ ክረምቱን የሚሻገር ፍጡር በጎጃም ብርድ ሞተ ማለት ለጎጃምም ለአረቄውም ስድብ ነው። 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ለጎልድፊሽ ከድሬዳዋ ትሻለዋለች። እርግጥ ሆዱ ክብ፣ ጅራቱ ብዙ ሆኖ የተዳቀለው ዓይነት ትንሽ ልፍስፍስ ነው፤ እሱም ቢሆን በሳምንት የሚሞተው በብርድ አይደለም።

የሚሞተው በራሱ ሽንት ነው።

ዓሣ የበላውን አብላልቶ አሞኒያ ይለቃል። ያልተጠረገ በረት ውስጥ ጠዋት ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለው ሽታ ማለት ነው። በሐይቅና በወንዝ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሬት ግን ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም፤ ለተክል ማዳበሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዛሬ በተቀዳ ውሃ፣ ዛሬ በታጠበ መስታወት ውስጥ የሉም። በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ።

ይህን ለመረዳት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አያስፈልግም። እንጀራ የምትጋግር እናት ሁሉ ታውቀዋለች። እርሾ ያልገባበት ሊጥ አይጋገርም። ዛሬ አቡክታ ዛሬ የምትጋግር ሴት ብትኖር ጎረቤት ይስቅባታል። ክረምት ሲሆን ሊጡ እንደሚዘገይም ታውቃለች። ብርዱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ጥፋት ይኸው ብቻ ነው፤ የውሃውም እርሾ በማርቆስ አየር ይዘገያል። አራት ሳምንት የተባለው ስድስት፣ ስድስት የተባለው ስምንት ሊሆን ይችላል። ጎረቤት እርሾ እንደሚበዳደር ሁሉ፣ ጤነኛ ዓሣ ካለበት ገንዳ ቁራጭ ስፖንጅ ተቀብሎ በአዲሱ ፊልተር ውስጥ ማኖር ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ሻጩ ቤት ይህ ስፖንጅ ሞልቷል። ሻጩ ግን ዓሣውን፣ ክቡን መስታወትና ጠጠሩን በአንድ ፌስታል አድርጎ በአንድ ቀን ይሸጣል። ስለ እርሾው አይናገርም። ለምን ይናገራል? ዓሣው በሳምንቱ ሲሞት ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ቲማቲም የሚሸጥ ነጋዴ የበሰበሰ ቢሰጥ ይሰደባል፤ የሚሞት ዓሣ የሸጠው ግን «ብርዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። ብርዱ ተከሷልና ባለቤቱ ማሞቂያ ይገዛል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣው ግን በሙቀት ብዙ ይተነፍሳል፣ ብዙም ይጸዳዳል፤ አሞኒያውም ሲሞቅ መርዝነቱ ይጨምራል። በደጋ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ድሮውንም በባሕር ጠለል ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ግድም ያነሰ ነው። የውሃው ገጽ ሰፊ ከሆነ ለዓሣው ይበቃል። እስከ አንገቱ የተሞላ ክብ መስታወት ግን አየር የሚገባበት ገጽ የለውም። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ርቦት ነው፣ እዩት ሲለምን!» ይባላል። የዳቦ ፍርፋሪ ይጣልለታል። ፍርፋሪው ይበሰብስና አሞኒያ ይጨምራል። ውሃው ደፈረሰ ተብሎ ሁሉም ይደፋል፣ ጠጠሩ በፈሳሽ ሳሙና ይታሻል፣ ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል። በሳምንት ጥቂት የተራባችው እርሾ በሳሙናና በክሎሪን አለቀች። እንደገና ከዜሮ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ቤተሰብ ተከፋፍሎ በሚሟገትበት አገር፣ ዓሣ ምን እንደሚተነፍስ የሚጠይቅ አልተገኘም።

«ሰው በሚሞትበት ክልል ስለ ዓሣ ይጻፋል ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎጃም ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት አለ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ቤት ውስጥ ይውላል። በአንዳንድ ቤት ዓሣው የሚገዛውም ለዚህ ነው፤ ልጁ የሚያየው ነገር እንዲኖረው። ይህ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ዓሣውን ሞቶ ሲያገኘው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ወይ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፣ ወይ አባቱ ሳያየው በሌላ ይተካለታል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1956 በባዛር ጨዋታ የተገኘች ቲሽ የምትባል ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖራ በ1999 ሞታለች። በወጉ የተያዘ ጎልድፊሽ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ በሰባተኛው ቀን የሞተው ቀኑ አልደረሰም። ልጁ የሚማረው ሞት ምክንያት እንደሌለው፣ ቢጠይቅም እንደማይመለስለት ነው። ይህን ትምህርት ከውጭ በበቂ ሁኔታ እያገኘ ነው፤ ቤት ውስጥ በመስታወት አድርጎ መጨመር ምን ይሉታል?

ሌላው ሙግት የውሃ ነው። ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ከተማ ለዓሣ ውሃ ማባከን ነውር ነው ይባላል። እስቲ ይታሰብ። 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በሳምንት ሩቡ ቢቀየር አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። ያም ውሃ አይደፋም፤ ናይትሬት ስላለበት ለጎመንና ለጌሾ ከንጹሕ ውሃ ይሻላል። አዲሱ ውሃ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ቢያድር የቧንቧው ክሎሪን ይተናል። አሥር ሊትር የማይሞላው ክብ መስታወት ግን በየሦስት ቀኑ ሙሉ በሙሉ እየተደፋ በመጨረሻ ሬሳ ያተርፋል። የመስታወት ዋጋ ለከበደው ሰው ደግሞ ሰፊ ሳፋ ወይም ለሁለት የተቆረጠ ንጹሕ በርሜል ይበቃዋል፤ ዓሣው ለመስታወቱ ግድ የለውም። መስታወቱ ለእንግዳ ነው። የሮም ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ክቡን መስታወት ከልክሏል፤ እዚህ ግን እንደ ዘመናዊነት ምልክት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል፣ ያም እውነት ነው፤ ሰፊ ገጽና ጥቂት ዓሣ ያለው ግን ያን ሌሊት ያልፋል። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሎቢው ውስጥ ዓሣ ቢሞትበት ምክንያት የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን የሚሞተው ሳይሆን የሚተርፈው ነው። የተረፈው ያድጋል፤ ተራው ጎልድፊሽ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ገንዳው ይጠበዋል፣ ባለቤቱ ይሰለቻል፣ «ነጻ ላውጣው» ይልና ጨሞጋ ላይ ይለቀዋል። ደግነት ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ፣ የበርንስቪል ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ነዋሪዎችን «ዓሣችሁን ሐይቅ ላይ አትልቀቁ» ብሎ የለመነው፣ ከሐይቁ የእግር ኳስ የሚያካክሉ ጎልድፊሾች መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። ጎልድፊሽ የወንዙን ደለል ያምሳል፣ ተክል ይነቅላል፣ የሌላውን ዓሣ እንቁላል ይበላል። ጨሞጋ ደግሞ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሄዶ ንጋት ሐይቅ ላይ ይተኛል። አንድ ዓሣ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። ግን አባይና ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ዓይነት ታሪክ ከሌላው በፊት ሊገባው ይገባል። እምቦጭን ዓለም ላይ ያሰራጨው ሰው ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የወሰደውም አበባው ስላማረው፣ ለኩሬ ማስጌጫ ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ገበሬውና ተማሪው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የዋለውን የማያስታውስ የለም። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት ከታች ያለ ዓሣ ወደ እነሱ ሽቅብ አይወጣም። ፏፏቴው ግን ጀሪካን የያዘ ደግ ሰው አይከለክልም።

ስለዚህ ጣቱ ወደ ብርዱ መቀሰሩ ይቅር። ዓሣ ሻጩ ሁለት ነገር ያድርግ፤ ከአሮጌው ስፖንጅ እየቆረጠ ለአዲስ ገዢ ይስጥ፣ የሰለቸውንም ዓሣ መልሶ ይቀበል። ገዢው ፌስታሉን ሲጠይቅ ደግሞ «ውሃው ስንት ሳምንት ሆነው?» ይበለው። «ኧረ ገና ዛሬ ልቀዳ ነው» ካለው፣ ስፖንጁን ሰጥቶ ያሰናብተው፤ ዓሣውን ሌላ ጊዜ መጥቶ ይውሰድ።