አምስት አሮጌ ቤቶች፣ አንድ ሙዚየም

በባርሴሎና ከተማ ሞንትካዳ በተባለው ጠባብ መንገድ ላይ የሚገኘውን የፒካሶ ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው፣ ከሥዕሎቹ በፊት የሚያየው የድንጋይ ግቢና ወደ ፎቅ የሚያወጣ የውጭ ደረጃ ነው። ሙዚየሙ አንድ ሕንፃ አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ፣ አመሠራረታቸው ወደ መካከለኛው ዘመን የሚመለስ አምስት የባለጸጎች መኖሪያ ቤቶች ተገናኝተው የፈጠሩት ነው። ጎብኚው ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሻገሩን ልብ ላይለው ይችላል።

ይህ በአንድ ጀምበር አልሆነም። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው በአንድ ቤት ብቻ ነበር። መነሻውም የፒካሶ የቅርብ ወዳጅና ጸሐፊ የነበረው ዣውሜ ሳባርቴስ የሰጠው ስብስብ ነው። ፒካሶ የፍራንኮ አገዛዝ ተቃዋሚ ስለነበር የመጀመሪያ መጠሪያው «የሳባርቴስ ስብስብ» ሆነ። ሳባርቴስ በ1968 ሲሞት ፒካሶ 58 ሥዕሎች ያሉትን «ላስ ሜኒናስ» የተሰኘ ተከታታይ ሥራውን ለመታሰቢያው አበረከተ። ስብስቡ ሲያድግ ተጨማሪ ቤት ተፈለገ፤ እንዲህ እያለ አምስት ደረሰ።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዟል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዕድሜ ጠገብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል።

«ይፍረሱ» የሚሉ ወገኖች ክርክር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ከ1967ቱ የትርፍ ቤቶች አዋጅ ወዲህ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ለበርካታ አባወራ ተሸንሽነው፣ ያለ በቂ እድሳት ኖረዋል። ጣሪያው እያፈሰሰበት፣ መጸዳጃ በጋራ እየተጠቀመ የሚኖር ሰው «ቤትህ ቅርስ ነው» ቢባል አይጽናናም። ነዋሪው የተሻለ መኖሪያ ማግኘት አለበት። ግን ነዋሪው የተሻለ ቤት ማግኘቱና አሮጌው ቤት መፍረሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

በቅርስነት መመዝገብም ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም። ቤትን የሚያቆየው የዕለት ተዕለት አገልግሎት፣ በጀትና ኃላፊነት ያለበት ባለቤት ነው። የባርሴሎናው ልምድ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሚታይ ነገር ያለው አንድ ቤት ተከፈተ፣ ሌሎቹ ተከተሉ።

እንግዲህ አስተዳደሩ በቀሩት ቤቶች ላይ ምልክት ከማድረጉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይህ ቤት ቢታደስ ለምን አገልግሎት ይውላል? ጥያቄው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ቢነሳ ትርጉም የለውም።