«ተፈታ አይደል?» ላላችሁኝ ወገኖቼ



የአክስቴ ልጅ ተይዞ እንደነበር የሰማሁት ከተፈታ በኋላ ነው። «እንዳትጨነቅ ብለን ነው» አሉኝ። ደግ ነው፤ ውጭ ላለ ሰው ክፉ ወሬ የሚነገረው ሁሌም ካለፈ በኋላ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ፤ በየሰፈራችሁ የምታውቁት ስለሆነ አዲስ አይሆንባችሁም። ማታ ላይ ሲቪል የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አክስቴ በማግሥቱ በምሳቃ ፍርፍር ይዛ ሰፈራቸው ወዳለው ጣቢያ ሄደች። ጠባቂው ፌስታሉን በረበረ፣ ፍርፍሩን አስቀመሳት፣ ከዚያ በኋላ ነው የልጁን ስም የጠየቃት። ገብቶ ወጣና «ማዘር፣ እዚህ የለም፤ ሌላ ጣቢያ ይጠይቁ» አላት። ሌላ ጣቢያ ሄደች፤ እዚያም የለም። ሦስተኛው በር ላይ ማን እንደሆነች እንኳ የጠየቃት የለም። ከሳምንት በላይ ምሳቃው ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ተመለሰ። ልጁ መጨረሻ ላይ የተገኘው መጀመሪያውኑ «የለም» በተባለበት ጣቢያ ነው። ያንንም ያወቁት አብሮት ታስሮ የወጣ ሰው ደውሎ ስለነገራቸው ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ በምን እንደተጠረጠረ ሳይነገረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት «ሂድ» ተባለ።

እኔን ያቆሰለኝ ግን እሱም አይደለም። «እና ያ ሰውዬ ለምን የለም አለ? ማን አዘዘው? ማንም አልጠየቀም?» ብዬ ስጮህ እህቴ ሳቀች። «ተፈታ አይደል? ተመስገን በል እንጂ! ጎመን በጤና።» ወንድሜም ያንኑ አለኝ። እናቱ ራሷ፣ ያን ሁሉ ቀን በየበሩ የተንከራተተችው፣ ያንኑ አለችኝ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ «ተፈታ አይደል?» ጆሮዬ ውስጥ ትጮሃለች።

የምትሉኝን አውቃለሁ። «እዚያ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው።» አዎ ቀላል ነው። ሰማያዊ ፓስፖርት ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ጠባቂ ፊት የምትቆመውን አክስቱን «ደፈር በይ» ሲላት እንደማያምርበት አላጣሁትም። «ዳያስፖራ አፉ ረጅም ነው፣ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን» ካላችሁም እውነት አላችሁ። ይሄን ሁሉ ተቀብዬ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ እሱን በመመለስ ቀለም አትጨርሱ።

ሕጉ እኮ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ይሄ በ1987 የጸደቀ ነው። አንድ ጠባቂ «የለም» ብሎ በር ሲዘጋ እነዚህን ሦስት አንቀጾች በአንድ ቃል ሻራቸው ማለት ነው። ስሙን ግን ማንም አልመዘገበም።

በኛ አገር የእስረኛ መዝገብ የእናት ምሳቃ ነው። ባዶውን ከተመለሰ ልጇ አለ፤ ሞልቶ ከተመለሰ የለም። በደርግ ጊዜ ደግሞ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የተባለች እናት የሞት መርዶዋን የሰማችው በዚያው ነበር። ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ማስረጃ አልነበረም። እነዚያ እናቶች ያኔ መጠየቅ አይችሉም ነበር። የዛሬዋ አክስቴ ግን፣ ሕገ መንግሥት ባለበት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ባለበት፣ እንባ ጠባቂ ተቋም ባለበት፣ ስለልጇ የምታውቀው ያው በምሳቃው ክብደት ነው!

ቂሊንጦን አስታውሱ። ነሐሴ 28 ቀን 2008፣ ቅዳሜ፣ እስር ቤቱ ተቃጠለ፤ ተኩስም ተሰማ። መጀመሪያ የሞተው አንድ ሰው ነው ተባለ። ቆየት ብሎ መንግሥት 23 አለ፤ 21ዱ በጭስ ታፍነውና ተረጋግጠው፣ 2ቱ ሊያመልጡ ሲሉ ተመትተው። ዘመድ ከእስር ቤቱ በር ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ በሩ ሲመላለስ ሰነበተ። ከዚያ ተከሳሽ መጣ፤ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? 38 እስረኞች! የልብ ሐኪሙ ዶክተር ፍቅሩ ማሩም ከነሱ አንዱ ነበሩ። በ2010 ክሱ ተቋረጠ፣ ሰዎቹ ተፈቱ። ተፈቱ አይደል? እኛም ተመስገን ብለን አለፍን። 23ቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የት ክፍል፣ በምን፣ በማን እጅ እንደሞቱ ከነስማቸው የሚዘረዝር የመንግሥት ሪፖርት ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን «አሜሪካን ልትሰብክ ነው» እንዳትሉኝ እፈራለሁ፤ ግን ከምኖርበት ከሮቸስተር የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ላይ አቲካ የሚባል እስር ቤት አለና ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። በፈረንጆች 1971 እስረኞቹ አምፀው ጠባቂዎችን አገቱ፤ በአምስተኛው ቀን የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ እየተኮሰ ገባ። በጠቅላላው 43 ሰው ሞተ። ባለሥልጣኖቹ ወዲያው «እስረኞቹ የታጋቾቹን ጉሮሮ ቆርጠው ገደሏቸው» አሉ፤ ጋዜጦች እንዳለ አተሙት። በማግሥቱ የዚሁ የሮቸስተር የአስከሬን ምርመራ ሐኪም፣ ዶክተር ጆን ኤድላንድ፣ ታጋቾቹ የሞቱት በጥይት ነው ብሎ ወጣ። ጠመንጃ የነበረው ደግሞ ከመንግሥት ወገን ብቻ ነው። ስድቡና ዛቻው ዘነበበት። ውሸቱ ይወጣ እንደሆነ ተብሎ ሌላ ሐኪም ተልኮ ሬሳዎቹ እንደገና ታዩ፤ ያው ጥይት ሆኖ ተገኘ። አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የመሩት ኮሚሽን በዓመቱ የሆነውን ሁሉ በመጽሐፍ አውጥቶ ለሕዝብ አቀረበ።

ይሄንን ሐኪም ሳስብ እቀናለሁ። ሰውየው ጀግና ልሁን ያለ አይመስለኝም፤ ያየውን ነው የጻፈው። የሚጽፍበት ወረቀት፣ የሚፈርምበት ሥልጣን ነበረው። የቂሊንጦን ሬሳዎች የመረመሩ የኛ ሐኪሞችስ ምን አዩ? ማን ጠየቃቸው?

እርግጥ እዚህም ገነት አይደለም። ከአቲካ የተረፉት እስረኞች 8 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ያገኙት በፈረንጆች 2000 ነው፤ ብዙዎቹ እስከዚያ ሞተዋል። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ያለው ራይከርስ የሚባለው እስር ቤት በ2022 ብቻ 19 ያህል እስረኛ ሞቶበታል። በታኅሣሥ 2024 ማርሲ በሚባል እስር ቤት ጠባቂዎች በካቴና የታሰረ ሰው ደብድበው ገደሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ካሜራ የሚቀዳ አልመሰላቸውም ነበር፤ ካሜራው ግን ያለ ድምፅ ይቀዳ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቪዲዮውን በዚያው ወር ለሕዝብ ለቀቀች፤ ጠባቂዎቹ በግድያ ተከሰሱ። ጭካኔው እንግዲህ አይለያየንም፤ ጠባቂ ጠባቂ ነው። እኔ የማወራው ከጭካኔው በኋላ ስላለው ነው፤ ማን ተጠየቀ፣ በስንት ቀን፣ በማን ፊት?

«እኛም አገር ተጠይቋል» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ። ሰኔ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው መንግሥት ራሱ ሰው ሲያሰቃይ እንደነበር አመኑ። በዚያው ወር 5 የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች ከሥልጣን ተነሱ። የማዕከላዊ ምርመራ ጣቢያም ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበር። ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ስለ ድብቅ እስር ቤቶቹና ስለ ሰቆቃው የሰጡትን መግለጫ እዚህ በየቤታችን ተሰብስበን ነው ያየነው፤ አልቅሰናል። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ በኛ አገር የሚጠየቀው ሁልጊዜ የሄደው ሰው መሆኑ ነው። ወንበር ላይ ያለውን ማን ይነካል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ንጉሡ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው፤ ተረቱን ግን አሁን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ፀሐፊ እንኳ ትሠራበታለች።

የወረዳውን ነገር ካነሳሁ፣ እዚያም ያው ነው። መታወቂያ ለማደስ ስትሄዱ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማክሰኞ ተመለሱ»። ውኃ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ የሚናገር የለም፤ ሲመጣ ግን እልል እንላለን። እህቴ እንኳ ውኃ በመጣ ቁጥር ደውላ ታበስረኛለች፤ የከፈለችበት ውኃ እኮ ነው! ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ የምንጠይቀው «እዚያ ሰው አለን ወይ?» ነው። ሰው ያለው ያልፋል፣ ሰው የሌለው ይመለሳል። የአክስቴም ልጅ የተፈታው ሰው ተገኝቶለት እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ እህቴ ግን በስልክ አይወራም ብላ ዘጋችኝ።

እህቴን አንድ ነገር ለምኜ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ አልኳት፤ በዚህ ቀን ተያዘ፣ በዚህ ቀን እዚህ ጣቢያ ጠየቅን፣ የለም ተባልን፣ በዚህ ቀን እዚያው ተገኘ። ለኢሰመኮ አንድ ቅጂ፣ ለእንባ ጠባቂ አንድ ቅጂ፣ ለቤት አንድ ቅጂ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ሰልፍም አይደለም። እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ስሙ ተጽፎ እንደገና ቢወስዱትስ? አንተ መጥተህ ትታሰርለታለህ?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ የለኝም። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ እኔም እናቱ ብሆን ላልጽፍ እችላለሁ። ቢሆንም ያልተጻፈው ወረቀት ያናድደኛል፤ እናንተም ታናድዱኛላችሁ። ስለማልወዳችሁ አይደለም። ያ ጠባቂ ነገም እዚያው በር ላይ ይቆማል፤ የሌላዋን እናት ፍርፍርም ያስቀምሳል።

እንግዲህ ጻፉልኝ። «አንተ ምን ታውቃለህ» የምትሉ ጻፉ፤ ስድቡንም አልጠላም። ልጁ «የለም» ተብሎ የተገኘበት ሰው ካለ የጣቢያውን ስምና ቀኑን ይጻፍልኝ፤ የልጁ ስም ይቅር፣ ግድ የለም። ጠበቆች ካላችሁ፣ እህቴ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ከኔ የተሻለ መልስ ካላችሁ፣ ለኔ ሳይሆን ለእሷ መልሱላት። የቂሊንጦን 23 ሰዎች ስም ከነአሟሟታቸው በመንግሥት ማኅተም ያየ ሰው ካለ ደግሞ ቅጂውን ይላክልኝ፤ አላገኘሁም ያልኩትን በዚያው ቀን አነሳለሁ።