ካርቶኑን የጣልነው እኛ ነን

ከኢስሊ እቃ አስረን ወደ ሞያሌ የምንመላለስ ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አለን። ማታ አውቶቡስ ከመሳፈራችን በፊት ያረፍንበት ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብለን የፀጉር ቀለሙን ከካርቶኑ እናወጣለን። ካርቶን ቦታ ይይዛል። ቀለሙ ከነካርቶኑ ማዳበሪያውን ብቻውን ይሞላዋል፤ ካርቶኑ ከወጣለት ግን እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ ሻሹም፣ ነጠላ ጫማውም፣ የሕፃን ልብሱም ይገባል። የጭነት የምንከፍለው በማዳበሪያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ካርቶኑ፣ ውስጡ ተጣጥፋ ያለችው ወረቀትና ያቺ ስስ የላስቲክ ጓንት ኢስሊ ይቀራሉ። ድንበር የሚሻገረው ቱቦው፣ ጠርሙሱና ከረጢቱ ብቻ ነው።

እንዲህ ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። ማንም ተው አላለንም። ደንበኛም ወረቀቷ የት አለች ብሎ ጠይቆን አያውቅም፤ ብትመጣም በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ ወይም በቻይንኛ ነው የተጻፈችው፣ ማን ያነባታል እንላለን።

ከእኛ አንዷ ግን አሁን ካርቶን አትጥልም። ያቤሎ ለረጅም ጊዜ ደንበኛዋ የነበሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ሽበታቸውን ሊቀቡ ፈልገው "ጥቁር ሂና" ብላ አንድ ከረጢት ሸጠችላቸው። ከረጢቱ ላይ የአበባ ሥዕል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሐሙስ ማታ ተቀቡ። ዓርብ ግንባራቸውን በላቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዓይናቸው አልገለጥ አለ። ጆሯቸው አብጦ ውሃ ያዘለ፣ አንገታቸው የቀላ ሆነ። ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ባለሙያው "ምን ተቀቡ?" ሲላቸው "ሂና" አሉ። ሂና ያልነው እኛ ነና! ባለሙያው ከረጢቱን አገላብጦ ቢያይ የሚያነበው ነገር አልነበረም። እናትየው ልጃቸውን ሲድሩ ሻሽ ተከናንበው ጓዳ ቁጭ ብለው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነጋዴዋ ስትመለስ አልተጣሏትም። "ሂና ነው ብለሽኝ ነበር እኮ ልጄ" ብቻ አሏት። ብትሰደብ ይሻላት እንደነበር ነው የነገረችን።

ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳችን ስንነጋገር የሰነበትነው ይህንኑ ነው፤ የምንሸጠው ምንድን ነው? ሂና ቅጠል ነው። ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ አረንጓዴ ሆኖ የድርቆሽ ሽታ አለው፣ ሲያረጅ ወይም ፀሐይ ሲመታው ወደ ቡናማ ይሄዳል። በውሃ ተለውሶ ራስ ላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት። የሚሰጠው ቀለም ከብርቱካን እስከ ቀይ ዳማ ነው፤ ሽበት ላይ ደማቅ ሆኖ ይወጣል፣ ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ይታያል። ሂና ለብቻው ጥቁር አይሆንም፣ ሆኖም አያውቅም። በቅጠል ብቻ ጥቁር ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በሂና ተቀብቶ፣ ታጥቦ፣ ከዚያ ኢንዲጎ የሚባለውን የሌላ ተክል ዱቄት ይደግምበታል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ታዲያ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ሽበትን ከሰል የሚያስመስለው "ጥቁር ሂና" ምንድን ነው?

ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ኬሚካል ነው። በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። በካርቶን የሚመጡት አብዛኞቹ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቀለሞች ውስጥም አለ፤ ስለዚህ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ዓለም ሁሉ ይቀባዋል። ልዩነቱ መጠኑና መታወቁ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተበጥብጦ ራስ ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድበዋል፤ ቆዳ ላይ መሳልን ጨርሶ አይፈቅድም። እኛ በላስቲክ ቋጥረን የምንሸጠው ዱቄት ስንት በመቶ እንደያዘ ግን እኛም አናውቅ፣ ያመጣልንም አያውቅ። ሱዳን ውስጥ ይህ ነገር የቆየ ሰቆቃ ነው። የካርቱም ሐኪሞች በሂናና በዚህ ኬሚካል ድብልቅ የተመረዙ 31 ሕፃናትን ታሪክ በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፈው አውጥተዋል፤ ጉሮሯቸው አብጦ መተንፈሻ አንገታቸው ላይ በቀዶ ጥገና የተከፈተላቸው ነበሩባቸው። ያ ዱቄት በሻይ ብርጭቆ ተበጥብጦ መስኮት ላይ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያላችሁ አስቡት።

ሌላም አለ። ሞያሌም፣ ጅግጅጋም፣ ሞምባሳም ሙሽራ እጇንና እግሯን ትሳላለች። የድሮው ቀይ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጥቁር ይፈልጋል፤ ጥቁሩ ደግሞ ያው ፒፒዲ ነው። ሰውነት አንዴ ይህን ኬሚካል ከጠላ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። በሰርጓ ቀን እጇን ትንሽ ያሳከካት ልጅ ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ሽበቷን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ ወዲያው አይመጣም፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይቆያል። በዚያ ጊዜ እኛ እቃችንን ሸጠን መንገድ ላይ ነን። ለዚህ ይመስለናል ጉዳዩን ሳንሰማው የኖርነው።

ከጓደኞቻችን የሚቃወሙን አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። "በማንኪያ የምትገዛኝ ሴት ሙሉ ፓኬት መግዣ የላትም" ትለናለች አንዷ። እውነቷን ነው። "ካርቶን ይዤ ስሻገር እቃዬ ብዙ ይመስላል፣ ኬላ ላይ ጥያቄ ይበዛብኛል" ይላል ሌላው። ይሄም እውነት አለው፤ የሞያሌው የጋራ ኬላ ከተከፈተ ወዲህም ቢሆን ትንሽ ነጋዴ ማዳበሪያው ሲከፈት ልቡ መምታቱ አልቀረም። ግን ካርቶን ተጣጥፎ ጠፍጣፋ ሲሆን ስንት ቦታ ይይዛል? ሞክረነዋል። ሃምሳ ካርቶን ዘርግተን በላስቲክ ስናስረው የአንድ ደብተር ያህል ሆነ። ወረቀቶቹ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ቦታ የለም የሚለው ሰበብ እንደነበር ያወቅነው ያን ዕለት ነው። በማንኪያ መሸጡን በተመለከተ ግን አቋማችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ቀይ ሂናን በማንኪያ ሽጡ፣ ጥቁሩን ዱቄት አትሽጡ። ስሙንም ሂና አትበሉት፤ "የፀጉር ቀለም" በሉት። ስሙ ሲቀየር ገዢው መጠየቅ ይጀምራል።

ካርቶን መጣል ያመጣውን አንድ ሌላ ጣጣም እንናገር። ቱቦና ጠርሙስ ከተለያዩ በኋላ እንደገና እናጋባቸዋለን፤ የአንዱን ቱቦ ከሌላው ጠርሙስ ጋር። ነጩ ክሬም፣ ዲቬሎፐር የሚባለው፣ ሁሉም አንድ ይመስለናል። አይደለም። 10 የሚለው 3 በመቶ፣ 20 የሚለው 6፣ 30 የሚለው 9፣ 40 የሚለው 12 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ሽበት ለመሸፈን 20 ይበቃል። 40 ቁጥር ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚነካው ነገር አይደለም፤ የራስ ቆዳ ይልጣል። ደግሞ ይህ ክሬም ሙቀት አይወድም። ከማርሳቢት ወዲህ ባለው መንገድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቀን ሙሉ ሲጠበስ የዋለ ጠርሙስ ካበጠ ጣሉት፣ አትሽጡት። "ቀለሙ አልያዘልኝም" እያሉ ከሚመልሱልን ደንበኞች ስንቶቹ በዚህ ምክንያት ይሆኑ?

እንግዲህ ወረቀቷን ደንበኛችን ካላነበበች እኛ በምትሰማው ቋንቋ እንንገራት። እቃ ስንመዝን፣ መልስ ስንቆጥር የሚነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ የማይረሳው፤ ከመቀባቷ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት በጥብጣ ከጆሮዋ ጀርባ ወይም ክንዷ መታጠፊያ ላይ ትንካው፣ ትተወውና ሁለት ቀን ትጠብቅ። ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ካበጠ ቀለሙን ትመልስልን፤ እኛም ገንዘቧን እንመልስላት። (ይህቺ የመጨረሻዋ ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። የተከፈተ እቃ ማን ይመልሳል? ግን የአንድ ፓኬት ኪሳራና የአንድ ደንበኛ ፊት አይወዳደሩም።) ባለፈው ጊዜ ምንም አልሆንኩም ብትልም ትሞክረው፤ ጠሉ በማንኛውም ጊዜ ይጀምራል።

ለሰርግ ወይም ለበዓል የምትቀባ ከሆነ ሐሙስ ለቅዳሜ አይሆንም፤ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ትበል። ፀጉሯን ሪላክሰር ከተቀባች ሁለት ሳምንት ይለፍ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ከተገናኙ ፀጉር እንደ ገለባ ይሰበራል። ቅቤ የምትቀባ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ታጥባ ታስወጣው፣ ቅቤ ባለበት ቀለም አይዝም። በተቀባችበት ዕለት ግን ራሷን ባትታጠብ ይሻላል፤ የቆዳው የራሱ ወዝ ይከላከልላታል። ግንባርና ጆሮ ዳር ቫዝሊን፣ እጅ ላይ ጓንት፣ መበጥበጫው የላስቲክ ሳህን እንጂ ብረት አይሁን። ቁስል ወይም ፎረፎር የላጠው ራስ ላይ አይቀባም። ቅንድብ አይነካም፤ ሽፋሽፍት የሚባለውንማ ማሰብም አያስፈልግ። ወረቀቷ ላይ ካለው ደቂቃ በላይ ማቆየት ቀለሙን አያጠቁረውም፣ ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ። የተረፈው ይደፋ፤ ክዳኑ ተጠብቆ ከተቀመጠ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ቆዳው እየነደደ ከሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካርቶኑን በእጅ ይዞ።

ከተቀቡ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን ራሳችን አናውቀውም ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ሳይታጠቡ መቆየት፣ ከዚያ በኋላም በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሻምፖ፣ በሳምንት አንዴ። የልብስ ሳሙና ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ካስክም ፔስትራም ይቅር። ትሪትመንት መግዣ የሌላት ለጋ ቅቤ አላት፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ጫፉን ቀብታ አድራ ትታጠበው። ከሰሜን ኡጋንዳ የሚመጣውን የሺያ ቅባት የሚያመላልሱ ወንድሞቻችንም አሉ፣ እሱም ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ሽበቱ ከሥር ይመለሳል፤ ያኔ አዲስ የበቀለውን ብቻ መቀባት ነው። በየወሩ ከሥር እስከ ጫፍ የሚደጋግሙት ናቸው ፀጉራችን አለቀ የሚሉት። ገበያችንን ይቀንሳል የምትሉ አትጠፉም። ፀጉር የሌላት ደንበኛም ቀለም አትገዛም።

እስካሁን ይህንን የተስማማን ስምንት ነን። አምስታችን ከነገ ወዲያ ሐሙስ ማታ እንሳፈራለን፤ ወረቀቷን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ በእጅ ጽፈን ፎቶ ኮፒ አስነስተናል። የሶማልኛው ላይ "48 ሰዓት" የሚለው በስህተት "48 ደቂቃ" ተብሎ ነበር፣ ጅግጅጋ ያለችው እህታችን ናት ያረመችልን። የድሮው ኮፒ የደረሳችሁ ካላችሁ ቅደዱት፣ አዲሱን ሞያሌ ስንደርስ እንሰጣችኋለን።