ሩቁ ብቻ አይደለም
የስልክ ማስታወቂያ «10 እጥፍ ያቀርባል» ይለናል፤ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ፎከስ እንደሚያደርግ ግን ዝም። ነገሩ የሒሳብ ጣጣ ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቀላል ሌንስ ሩቅ ተራራ ሲያነሳ ከፊልሙ 50 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ ንብን በትክክለኛ መጠኗ ለማንሳት ሌላ 50 ወደፊት መውጣት አለበት። ቀጭን ስልክ ይህን ቦታ ከየት ያምጣው? ሁዋዌ በ2019 በፒ30 ፕሮ ብርሃኑን በፕሪዝም አጥፎ የሩቁን ሌንስ አጋደመው፤ ብልህ መላ ነው። አፕል በ2021 በአይፎን 13 ፕሮ ለቅርቡ የመደበው እጅግ ሰፊ ማዕዘን ሌንሱን ነው። እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያስጠጋል፤ ያን ያህል ሲጠጉ ግን የስልኩ ጥላ አበባው ላይ ያርፋል፣ ንቧም (ማን ይፈርድባታል?) ትበራለች። እኔን ብትጠይቁኝ የሩቁ ሌንስ ራሱ ቅርቡንም እንዲያጠራ ማድረግ ይሻላል። ስልክ ስትገዙ የሩቁ ሌንስ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ፎከስ እንደሚያደርግም ጠይቁ።